የአንድ ክንድ ሣር

ብርድ በር አያንኳኳም፣ ደብረ ብርሃን ላይ፤
ይገባል፣ ይቀመጣል፣ እንደ ቤተ ዘመድ፣ ማንም ሰው ሳያይ።
ዛሬ ማታ እንኳን፣ ከመሬት ቢሮው ምድር ቤት፣
ሰርቨሩ ሥር ሆኖ እጁን ሲያሞቅ አገኘሁት።

ማንያዘዋል ነው፣ ዓርብ ለት፣ ሊወጣ ሲቸኩል፣
በአንዲት መስመር ትእዛዝ «አድስ» ያለው፣ ሁሉን እኩል።
ታደሰ።
ሰኞ ጠዋት ግን ካርታው አልወጣም፤
ማተሚያው ነጭ ወረቀት ተፋ፤ ነጭ ደግሞ ማኅተም አይመታበትም።
ከደጅ፣ ከጣርማ በር የመጡ፣ ከሞረት የመጡ፣
ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ስበው ተቀመጡ፤
ለደብተራቸው እንጂ ለእኛ ስሕተት አልመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባጭሩ ከተባለ፦
መሬት የሚለካው ቅጥያ «ሦስተኛው መሠረት ካልሆነ» አለ፤
መንገድ የሚቆጥረው ቅጥያ «ከሁለተኛው በቀር» ብሎ ማለ።
ዳታቤዙ አንድ ቤት፣ ምሰሶውም አንድ፤
ሁለት ጣሪያ እንዴት ይቁም በአንድ ግንድ?

የጥቅሉን ሹም ለመንኩት። ጫን አልኩት፦ «አይሆንም።»
አውርድ አልኩት፦ «ይህን ካወረድኩ ያኛው አይቆምም።»
አስገድድ አልኩት። ዝም አለ፤ ቆይቶ፣
ሠላሳ ሰባት ስም ዘረዘረልኝ፣ እንደ ተበዳይ ከፍቶት፦
ይህ ያንን ይፈልጋል፣ ያ ይህን ይጠላል፣
አንዱ ከተነሣ ሌላው አብሮ ይወድቃል።
«አስገድድ» ማለት ለካ፣ ሲፈታ ትርጉሙ፣
ዕዳ ሳይከፍሉ መዝገብ መቅደድ ነው። ተውኩት።

ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ሸዋንግዛው አጥናፌ፣ የአንጎለላ፣
በሬን ገፍተው ገቡና፣ «ማሽኖቹን ምን አጣላ?»
አሉኝ። ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም።
«የርስዎን ማሳ» አልኳቸው «አሮጌው ስሌት ነው የለካው፤
የጎረቤትዎን ደግሞ አዲሱ ነው ያሰላው።
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን ሁለቱን ሲያጋጥሟቸው፣
አንድ ክንድ ይተርፋል፣ ባለቤት የሌለው።»

በከዘራቸው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ መስመር ጫሩ፦
«ያቺማ ወሰን ናት! ምን ነካችሁ፣ እናንተ የተማሩ!
እኔ ማረሻ አላስነካት፣ ጓንጉልም አያስነካት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግ ነው የሚግጣት።
ብንገፋት ይሄኔ አንዳችን ወህኒ፣ አንዳችን መቃብር ነበር፤
ጎረቤት ጎረቤት አይሆንም፣ ሣር ከሌለ በድንበር።»

ደብተራቸውን ሳይዙ ሄዱ። ያሉት ግን ቀረ።

እና አሁን፣ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል፣ ጄኔሬተሩ እያጓራ፣
በአንድ ሰርቨር ሁለት ቤት ስሠራ፣
ለአሮጌው ቁጥር የራሱን መሠረት፣ የራሱን በር፣
ለአዲሱም እንዲሁ፤ መሃል ላይ ክንድ ሣር፣
አንዱ ያንዱን ፋይል እንዳይረግጥ፣ እንዳይሻገር።
አሮጌውን በሚስማር መታሁት፣ «አድስ» ሲሉት እንዳይነቃነቅ።
ከሚስማሩ ግርጌ ጻፍኩ፦
«ማንያዘዋል፣ ወይም ከርሱ በኋላ የምትመጣው፣
ይህን አትንቀል። አንድ ቀን ግን ዝገት ሲበላው፣
ከመንቀልህ በፊት አንጎለላ ውረድና ጠይቅ።»

ሁለት ባላ ትከል ይሉ የለ? ተከልኩ።
የትኛው ቀድሞ እንደሚሰበር አላውቅም።

ሊነጋ ሲል ማተሚያው እንደ አስም በሽተኛ ስሎ ስሎ
አንድ ገጽ አወጣ። ሸዋንግዛው አጥናፌ፣ ይላል።
ማሳቸው በሺህ እጥፍ አንሶ ተሥሏል፣ ዙሪያው ጥቁር መስመር።
መስመሩን በማስመሪያ ለካሁት፦ ግማሽ ሚሊሜትር።
በጣቴ አሰላሁ፣ ያለ ቅጥያ፣ ያለ ሹም፣
ግማሽ ሚሊሜትር ሺህ ጊዜ፤ ደገምኩት፣ ባላምን፤
አንድ ክንድ ሆነ።

ሣሩ እዚያው ነበር፣
ከቀለሙ ሥር።